ልካችን እስከ የት ነው?

አሰላ፤ ጥር 12 ቀን 1966 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአሰግድ ወልደጻድቅ፤

ሰላምታዬ ከጭላሎ ተራራ ብርድ ጋር ይድረስህ። እኔም፣ ሀሊሜም፣ ልጆቹም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤህ የደረሰኝ መጋዘን ውስጥ ስንዴ ሳስመዝን ነው። ሚዛኑ አጠገብ እንደቆምኩ ማንበብ ጀመርኩ፤ ባለ ኬሻው ገበሬ «አንተ ሰውዬ፣ የኔ ስንዴ ይቅደም» ብሎ እስኪቆጣኝ ድረስ አላቆምኩም።

«ሜዳችን አለ ወይ?» ላልከው፣ አለ። ሚስተር ኒልስ ለጎልፍ ኳሷ መግቢያ ብሎ የቀበራቸው የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮዎች ከአንዱ በቀር በየጉድጓዳቸው ናቸው። አንዱን ጅብ ይንቀለው ሰው አላወቅሁም። ሣሩን ከብቶቹ አሳጥረውልኛል። እሑድ እሑድ ብቻዬን እወጣለሁ። የከተማው ሰው «ያ ስዊድናዊ አገሩ ሲገባ እብደቱን ለከዲሮ አውርሶት ሄደ» ይላል አሉ።

ደግሞ «ተሻሽለሃል ወይ?» ትለኛለህ። በምን ልወቀው? አንተ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወርክ ወዲህ በአርሲ ምድር ከኔ የሚበልጥ ጎልፍ ተጫዋች የለም፤ ከኔ የሚያንስም የለም። ኒልስ ሲሄድ ዱላዎቹን ለሁለት ከፈለን፤ ረዣዥሞቹን ለአንተ፣ አጫጭሮቹን ለኔ። ያን ጊዜ ትልቅ ስጦታ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሁለታችንም ግማሽ ተጫዋች ሆነን ነው የቀረነው። እኔ ኳሷን ጉድጓዱ አጠገብ ማሳረፍ አያቅተኝም፤ ከሩቅ መምታት እችል እንደሆነ ግን እንጃ።

ስለ አባትህ ስለ ባላምባራስ ለጠየቅኸኝ፣ ደህና ናቸው። ኢተያ ለእህል ግዢ ሄጄ በቅሎ ላይ ሆነው ከሩቅ አይቻቸዋለሁ።

ደብዳቤዬ ስላጠረ ይቅርታ አድርግልኝ።

ወንድምህ ከዲሮ ቱሳ


አዲስ አበባ፤ የካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ከዲሮ፤

እንዴት ከረማችሁ? መልሱን በማዘግየቴ እንዳትቀየመኝ። ይህን የምጽፍልህ ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው፤ ሥራ የለም። ታክሲው አድማ ላይ ነው፣ ተማሪው ቤቱ ነው፣ ወታደሩ ደግሞ... እሱ ይቅር። ሁለት ሰው እያወራ ሦስተኛው ብቅ ካለ ወሬው ወደ ብርድና ወደ ዝናብ ይዞራል። እኔ ሰላም ነኝ። እፈራለሁ እንጂ ሰላም ነኝ።

አንድ ነገር ልንገርህ። የክፍላችን ሹም አቶ ገብረ መድህን የጎልፍ ክበብ አባል ናቸው። ረዥሙን ዱላ ጠረጴዛዬ ጀርባ ቆሞ አዩትና «ይህ የማነው?» አሉ። የኔ ነው ብላቸው አላመኑም። በቀጣዩ እሑድ በመኪናቸው ወሰዱኝ።

ከዲሮ፣ እዚያ ሣሩ ምንጣፍ ነው፤ እበት የሚባል የለበትም። እግሬን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። የመጀመሪያዋን ኳስ ብመታት ጽድ ውስጥ ገባች። ቢስቁብኝ ጥሩ ነበር፤ አልሳቁም። በትሕትና ሌላ ኳስ አቀበሉኝ። ከዚያ እነሱ ሲመቱ ቆሜ አየሁ። እኛ ጭላሎ ሥር ስንጫወት የኖርነው ሌላ ጨዋታ ነው ወይ ብዬ ደነገጥኩ። ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። በግንቦት እንደ እኛ ለፍቅሩ ብቻ ለሚጫወቱ ሰዎች የሁለት ቀን ውድድር አለ። አቶ ገብረ መድህን እኔንም አንተንም ሊያስመዘግቡን ፈቅደዋል። አጫጭሮቹን ይዘህ ና። ሙሉ ቦርሳ ይሆናል፤ እየተቀባበልን እንድንጫወት አስፈቅዳለሁ ብለዋል። ልካችን እስከ የት እንደሆነ አንድ ጊዜ እንየው።

ስለ አባቴ የጻፍክልኝ አንድ መስመር ነው። ምነው?

አሰግድ


አሰላ፤ መጋቢት 22 ቀን 1966 ዓ.ም.

ወንድሜ አሰግድ፤

ደህና ነህ ወይ? ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ የተለያየ ነገር ያወራልና ስምህን ይዤ ዱዓ ሳደርግ ሰንብቻለሁ።

ና ስትለኝ መልስ ማዘግየቴ ከንቀት አይደለም፤ የምመልሰው ጠፍቶኝ ነው። አልመጣም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል አታምነኝም፤ ስለዚህ እውነቱን እወቀው። እሑድ ከሜዳው ስመለስ፣ ዱላዬን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ «እኔ እኮ ዕድል ባገኝ ትልቅ ተጫዋች ነበርኩ» እያልኩ ነው ቁልቁል የምወርደው። ይህን የሚወስድብኝ የለም። እዚያ መጥቼ የሆንኩትን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ግን ምን ይዤ እመለሳለሁ? አንተ አንድ እሑድ አይተህ እንቅልፍ አጣሁ አልከኝ። እኔ እንቅልፌን እወደዋለሁ።

ደግሞም ቤቱ ጠቦናል። አጎቴ ሁሴኖ ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ እኛ ጋ ነው ያለው። ለጊዜው ነው። ሽማግሌ ሰው ነውና ሥራ ፈትቶ መዋሉ አስቸግሮታል፤ ጠዋት ይነሳና ደጃፍ ቆሞ ሰማዩን ሲያይ ይውላል።

ባላምባራስ ደህና ናቸው ብዬህ የለም እንዴ? ደህና ናቸው።

ከዲሮ


አዲስ አበባ፤ ሚያዝያ 10 ቀን 1966 ዓ.ም.

ከዲሮ፤

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። መጋቢት የእርሻ ወር ነው። ሁሴኖ የአባቴን መሬት እያረሰ ያረጀ ሰው ነው። በእርሻ ወር በሬዎቹን ትቶ አሰላ ከተማ ደጃፍ ላይ ምን ያቆመዋል?

አንተን መልሼ መጠየቁን ፈራሁና ለአባቴ ጻፍኩ። መልሳቸው ይኸውና፦ «ከናዝሬት ትራክተር በኮንትራት አስገብቻለሁ። ጭሰኞቹን አስነስቻለሁ። በበሬ የሚታረስበት ዘመን አልፏል። አንተ የመንግሥት ሥራህን ሥራ።» ሌላ ቃል የለውም፤ ስለ ጤናዬ እንኳ አልጠየቁም።

«ደህና ናቸው» ስትለኝ አልዋሸህም። እሳቸውስ በርግጥ ደህና ናቸው። ግን አጎትህ በኔ አባት ተነቅሎ አንተ ቤት ተኝቶ፣ አንተ ስለ ድልህ ቆርቆሮ ትጽፍልኛለህ? ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወዳጅነታችንን ላለማጣት እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔም እሱን ነው የፈራሁት።

ሄጄ ፊት ለፊት ልነግራቸው ይገባል። እችል እንደሆነ ግን እንጃ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በአባቴ ፊት ዛሬም ድምፄ አይወጣም።

በጨዋታው ለውጥ አለኝ። ኳሷ አሁን ወደማያት ቦታ መሄድ ጀምራለች። አቶ ገብረ መድህን «እጅህ ያውቃል፤ የሚሸሸው ልብህ ነው» ይሉኛል። ከተማው እንዲህ እየታመሰ ስለ ኳስ ማሰቤ ያሳፍረኛል። ደግሞ ጭንቀቴን የምረሳበት ሌላ ነገር የለኝም።

ምን ላድርግ? ጻፍልኝ።

አሰግድ


አሰላ፤ ግንቦት 8 ቀን 1966 ዓ.ም.

ወንድሜ፤

ባንተ አልተቀየምኩም፤ በቅድሚያ ይህን እወቅልኝ። ምን ላድርግ ላልከኝ ግን አንተው ታውቃለህ፤ አባትህ ያንተ አባት ናቸው።

ይህን ደብዳቤ አንብበህ አቃጥለው። እሑድ ኢተያ ላይ ትራክተሩ ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው አላውቅም። ሰው አልተጎዳም፤ ባላምባራስም ደህና ናቸው። ማክሰኞ ፖሊሶች አጎቴን ፍለጋ ቤቴ መጡ። አጎቴ የለም። የት እንዳለ አትጠይቀኝ፤ በሩቅ ዘመድ አለን። አልጋ ሥር ሲበረብሩ ዱላዎቹን አገኙ።

«ይህ የምን ብረት ነው?»

«የጎልፍ ዱላ።»

«የምን?»

«ኳስ መምቻ ነው።»

«ኳስ በእግር አይደል እንዴ የሚመታው?»

ሀሊሜ በኦሮምኛ «ዝም በል» ትለኛለች፤ ዝም ብል ደግሞ የባሰ ነው። ከነዱላዎቹና አብራቸው ካገኟት አንዲት ኳስ ጋር ወሰዱኝ። ጣቢያው ውስጥ አንድ መቶ አለቃ አንዱን ዱላ በእጁ እየመዘነ፣

«የትራክተሩን መብራት የሰባበራችሁት በዚህ ነው?» አለኝ።

«ጌታዬ፣ እሑድ ኢተያ አልነበርኩም።»

«የት ነበርክ?»

«ከከተማው በላይ፣ ሜዳው ላይ። ብቻዬን ኳስ ስመታ።»

ራሴ ተናግሬው ራሴ አላመንኩትም። መቶ አለቃው ትንሽ አየኝና «እንግዲያው ምታና አሳየኝ» አለ።

አሰግድ፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ግቢው ጠጠር ነው። ከኋላዬ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ፖሊሶች፣ ከፊቴ የቢሮው መስኮት፣ ከመስኮቱ በላይ የቆርቆሮው ጣሪያ፤ እስረኞቹ ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ ያዩኛል። ብስት መስኮቱን እሰብራለሁ፤ ጨርሶ ብስታት ደግሞ ውሸታም ነኝ። ኳሷን ጠጠሩ ላይ አስቀመጥኳት። ኒልስ ሁልጊዜ «ከዲሮ፣ ከመምታትህ በፊት ብዙ ታስባለህ» ይለኝ የለም? ያን ዕለት የማስብበት ጭንቅላት አልነበረኝም። መታሁ።

ድምፁን ብትሰማው! ኳሷ ከጣሪያው በላይ ወጣች፣ ከባሕር ዛፎቹም በላይ ወጣች፣ ከዚያ ጠፋች። መቶ አለቃው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወደ ሰማይ አንጋጦ ቀረ።

«ሌላ አለህ?» አለኝ።

«የለኝም ጌታዬ።»

«እንግዲያው ሂድና ፈልጋት።»

ሄድኩ። ኳሷን ግን አልፈለግኋትም። ቤቴ እስክደርስ ወደ ኋላ አልዞርኩም። ዱላዎቹን በማግስቱ በዘበኛ ላኩልኝ።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ብነግርህ ትስቃለህ። ከዚያ ወዲህ ቤት በቀረችኝ ኳስ ሁለት ጊዜ ሜዳ ወጥቼ እንደዚያ ልመታ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ያ አመታት የት ነበር? በውስጤ ከነበረ ይህን ያህል ዘመን ለምን ተደበቀኝ? ወይስ የኔ ልክ እሱ ነበረና ፖሊስ ግቢ ውስጥ አባከንኩት?

አሁን ወደዚህ አትምጣ። በውድድሩ ይቅናህ።

ከዲሮ


ኢተያ፤ ግንቦት 26 ቀን 1966 ዓ.ም.

ወንድሜ ከዲሮ፤

ከየት እንደምጽፍልህ አይተሃል። አትምጣ ብለኸኝ መጣሁ። እስከ አሰላ ሳልደርስ እዚሁ በመውረዴ ይቅርታ፤ ለሁሴኖ የምነግረው ነገር ሳልይዝ ደጅህን መርገጥ ፈራሁ።

ውድድሩን የመጀመሪያውን ቀን ተጫወትኩ። አጫጭሮቹን ከአቶ ገብረ መድህን ተውሼ ነበር። ሲመሽ ስሜ ከላይ ካሉት ስሞች ጋር ተጽፎ አየሁት። እሳቸውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ነገ ደግሞ አትፍራ» አሉኝ። ቤቴ ስደርስ ደብዳቤህ በበሩ ሥር ገብቶ ጠበቀኝ። በማግስቱ ጠዋት በሜዳው ፋንታ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ።

አባቴን ያገኘኋቸው እልፍኝ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ርቀው፣ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ነው።

«ማን ላከህ?» አሉኝ።

«ማንም አልላከኝም፣ አባባ። ስለ ሁሴኖ ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

«ልክህን እወቅ! ሣር ላይ ኳስ ስታባርር የምትውል ሰው ስለ መሬት ታስተምረኛለህ?»

ድሮ ቢሆን እዚያው ላይ ያልቅልኝ ነበር። ግን ዓይኔ እጃቸው ላይ አረፈ፤ ደጅ ኮሽ ባለ ቁጥር ጠመንጃውን ጨበጥ ያደርጋል። አባቴ ይፈራሉ፣ ከዲሮ። ይህን ሳይ የኔ ፍርሃት የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ይልቅ ባሰብኝ። እሳቸው የሚፈሩት ነገር ከመጣ ማን ይችለዋል? ቢሆንም ተናገርኩ። «ሁሴኖ አላቃጠለም። አላቃጠለም ብለው ለፖሊስ ይንገሩለት። መሬቱንም ይመልሱለት» አልኳቸው። ድምፄ ወጣ። እንደ ልጅ ቀጥኖ ወጣ፤ ግን ወጣ።

ብዙ ቀን አላናገሩኝም። የትራክተሩ ባለቤት ወደ ናዝሬት ተመልሶ በዚያው ቀርቷል። ዛሬ ምሳ ላይ ቀና ሳይሉ «ይመለስ። ለዚህ ክረምት ብቻ» አሉ። በድለናል ብለው አይደለም፤ መሬቱ ጦም እንዳያድር ነው። ለፖሊስም ሁሴኖን አልጠረጥርም ብለው ሰው ልከዋል። እንዲህ ብለህ ንገርልኝ፤ ከዚህ የተሻለ ማምጣት አልቻልኩም።

አሰግድ


አሰላ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1966 ዓ.ም.

ወንድሜ አሰግድ፤

እንኳን በሰላም ገባህ። አጎቴ ተመልሷል። ዘግይቶም ቢሆን ዘርቷል፤ ስንዴው ብቅ ብሏል። «ስለ አሰግድ ምን ትላለህ?» ብዬው ነበር። «ልጁ ሰው ነው። የአባቱን ግን ለአላህ ሰጥቻለሁ» አለኝ። የጠየቅኸኝን ሳላሳምር ነገርኩህ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ፤ ካልፈለግህ አትመልስ። ሁለተኛውን ቀን ጥለህ የመጣኸው ለአጎቴ ብለህ ነው? ወይስ ብትጫወት የሚሆነውን ፈርተህ? ለክፉ አይደለም። እኔም አሰላ ተቀምጬ የምፈራው እሱኑ ነው፤ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ለማወቅ ነው።

ከፖሊስ ግቢው ወዲህ እንደ ድሮው አልሆንኩም። «ዕድል ባገኝ ኖሮ» የሚለው ነገር እንደ በፊቱ አያስተኛኝም። በጥቅምት ሌላ ውድድር አለ ብለኸኛል። እዚያ ያለው ነገር እስከዚያ ከተረጋጋ ኢንሻአላህ እመጣለሁ። ባይረጋጋም ሳልመጣ አልቀርም። ሀሊሜ «ሰው በዚህ ዘመን ለኳስ አዲስ አበባ ይሄዳል?» እያለች ታለቅሳለች።

ከዲሮ


አዲስ አበባ፤ ጥቅምት 30 ቀን 1967 ዓ.ም.

ወንድሜ ከዲሮ፤

በሰላም መግባትህን ሰምቼ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። በኬላዎቹ ሁሉ ያን የዱላ ቦርሳ እየፈታህ ስታስረዳ መዋልህን ሳስበው ሳቅም ፍርሃትም ይመጣብኛል።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ የጠየቅኸኝን አሁን ልመልስልህ። «እውነቱን ንገረኝ፤ ጎበዝ ነኝ?» አልከኝ። እነሆ እውነቱ። ከተጫወትነው ሰዎች ከመሐል ትንሽ ከፍ ብለህ ነው የጨረስከው፤ እኔ ከአንተ ጥቂት በታች። ጉድጓዱ አጠገብ የሚወዳደርህ የለም፤ ሰዎቹ ጨዋታቸውን ትተው ሲያዩህ ነበር። ከሩቅ ስትመታ ግን ደካማ ነህ። በልጅነትህ ጀምረህ ቢሆን ምን ትሆን እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ እሱን እንተወው። ካሁን ወዲያ ዕድሜና ሰላም ካገኘህ ከዛሬው በጣም የተሻልክ ትሆናለህ። ትልቅ ተጫዋች አትሆንም። እኔም አልሆንም።

ይህን ስጽፍልህ ትከፋለህ ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን ፊትህን አይቼዋለሁ፤ የመጨረሻውን ጉድጓድ ጨርሰህ ስትዞር እንደ ሠርገኛ ነበርክ።

የግንቦቱን ሁለተኛ ቀን ስለ መተዌ በክረምት ለጠየቅኸኝም ይኸው፦ ሁለቱም ነበሩ። የትኛው እንደገፋኝ ዛሬም አላውቅም።

ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ የታሰሩት አቶ ገብረ መድህን ዛሬም አልተፈቱም። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አሰፋሽ ጋር ስንቅ ለማቀበል እሄዳለሁ። ቢሮ ውስጥ «እዚያ አትታይ» የሚለኝ በዝቷል። በዚህ ሳምንት ደግሞ አንዱ «ለመሆኑ አባትህ ማን ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስሜን ከነአባቴ ሲጠሩኝ መደንገጥ ጀምሬያለሁ።

አሰግድ


አሰላ፤ ኅዳር 22 ቀን 1967 ዓ.ም.

ወንድሜ አሰግድ፤

ደህና ነህ? ይህ ሲደርስህ አንዲት መስመርም ብትሆን ጻፍልኝ።

ያን እሑድ ሬዲዮኑ የተረሸኑትን ሹማምንት ስም ሲያነብ ቤቴ ነበርኩ። ሀሊሜ ልጆቹን ይዛ ወጣች። የአቶ ገብረ መድህንን ስም እየጠበቅሁ አዳመጥኩ፤ አልነበሩበትም፤ አልሐምዱሊላህ። ያንተንም ስም ጠበቅሁ። ሞኝነት ነው፤ አንተ ማን ሆነህ ከእነዚያ ጋር ትጠራለህ? ግን እስኪያልቅ ድረስ አልተነፈስኩም።

አሁን የምጽፍልህን ቁጭ ብለህ አንብበው። አባትህ እኔ ቤት ናቸው። በማግስቱ እህል ጭኖ የሚመጣ መኪና ላይ ተሳፍረው መጡ፤ ጠመንጃ አልያዙም። ማንም አልነካቸውም። «ሰው ሰላምታ አይሰጠኝም» ብቻ ነው ያሉኝ። ጤንነታቸው ደህና ነው፤ ምግብ ግን እንደነገሩ ነው የሚቀምሱት። ለአጎቴ ነገርኩት። «ቤቱ ያንተ ነው» አለኝ። ሊጠይቃቸው አልመጣም፤ ለሌላ ሰውም አላወራም።

ስለ ልኬ የጻፍክልኝ አላስከፋኝም። አውቄው መጥቻለሁ፤ ካንተ መስማት ፈልጌ ነበር። ካሁን ወዲያ በጣም የተሻልክ ትሆናለህ ያልከውን ነው ይዤ የምዞረው፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። በፊት እችል ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር። አሁን ጊዜ እናገኝ ይሆን እያልኩ ነው።

ትላንት ከሰዓት ከባላምባራስ ጋር ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ነበር። ድንገት፣

«ያ የኳሱ ነገር... ልጄ ጎበዝ ነው?» አሉኝ።

«ገና ነው፣ ባላምባራስ። ግን ይሆናል።»

«ስንት ዓመት ይፈጅበታል?»

«አሥር ዓመት» አልኳቸው።

«አሥር ዓመት» ብለው ወደ መንገዱ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅለል አድርገው «እንግዲያው ይኑርልኛ» አሉ።

ና፣ አሰግድ። ፈቃድ ጠይቅና ና። ሳይመሽብህ በቀን ና።

ከዲሮ